ከሞስኮ ገበያ የወጣው ሮክ፦ የቫካርቹክ መንገድ ምን ያሳያል?

ጁን 21 ቀን 2014 ኪዬቭ የሚገኘው ኦሊምፒክ ስታዲየም እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ከ70 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። የእግር ኳስ ጨዋታ ግን የለም። አንድ የሮክ ባንድ ሃያኛ ዓመቱን እያከበረ ነው። ክሪሚያ በሩሲያ ከተያዘች ሦስት ወር ቢሆናት ነው። በምሥራቅ ዩክሬን፣ ዶንባስ ውስጥ፣ ውጊያው ተጀምሯል። መድረኩ ላይ የቆመው ድምፃዊ በፊዚክስ ዶክትሬት ያለው፣ አንድ ጊዜም ፓርላማ ገብቶ ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ስሙ ስቪያቶስላቭ ቫካርቹክ ይባላል። ባንዱ ደግሞ ኦኬያን ኤልዚ። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ዩክሬን ሙዚቃ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ዩሮቪዥን የተባለው የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ነው። ሩስላና በ2004፣ ጃማላ በ2016፣ ካሉሽ ኦርኬስትራ በ2022 አሸንፈዋል። ትልቅ ነገር ነው። ግን የዩሮቪዥን ዘፈን ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ ሙዚቀኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየትኛው ቋንቋ፣ ለማን፣ በማን ገንዘብ እየዘፈነ እንደሚኖር አይነግረንም። ለዚህ ለዚህ የቫካርቹክ የሥራ ሕይወት ይሻላል። ባንዱ ዛሬ ኢንዲ (ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ በራሱ የሚሠራ) ለመባል በጣም ገዝፏል። ስታዲየም የሚሞላ ሰው ኢንዲ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ኢንዲ የሚባሉት የዛሬዎቹ የዩክሬን ድምፃውያን የሚሄዱበትን መንገድ ግን ቀድሞ የሄደበት እሱ ነው።

የዩክሬን ሙዚቃ ዛሬ በራሱ ቋንቋ ቆሟል። ሲወራ ምስጋናው የሚሰጠው ለጦርነቱና ለሕጉ ነው፤ ጦርነቱ ሕዝቡን ወደ ቋንቋው መለሰው፣ ሕጉም ሬዲዮኖቹን በዩክሬንኛ እንዲያጫውቱ አስገደደ ይባላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ነገሩ ቀደም ብሎ የጀመረ ይመስለኛል። ገንዘቡ በሌላ ቋንቋ እያለ በዩክሬንኛ የዘፈኑ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ ሕጉ ሲወጣ ሬዲዮኖቹ የሚያጫውቱት በቂ ዘፈን አያገኙም ነበር።

ገንዘቡ ያለው ሞስኮ ነበር

በሶቪየት ዘመን ሸክላ የሚያሳትመው ድርጅት አንድ ነበር። ሜሎዲያ ይባላል። የመንግሥት ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ሞስኮ። የኪዬቭ ዘፋኝ በመላ አገሪቱ መሰማት ከፈለገ የሞስኮን በር ማንኳኳት ነበረበት። በደርግ ጊዜ ኪዬቭ፣ ካርኪቭ ወይም ኦዴሳ ሄደው የተማሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓለም ያውቁታል። የሄዱት ዩክሬን ነው፤ ይዘውት የተመለሱት ቋንቋ ግን ሩሲያኛ ነው። ዩክሬንኛ የገጠርና የባህል ጭፈራ ቋንቋ ተደርጎ ይታይ ነበር። ለዘመናዊ ሙዚቃ አይሆንም የሚለው ሐሳብ በከተሜው ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ካናጉት አንዱ ቮሎዲሚር ኢቫስዩክ የሚባል ወጣት የዜማ ደራሲ ነው። በ1970 «ቼርቮና ሩታ» የተባለውን ዘፈን ጻፈ። ዘፈኑ በዩክሬንኛ ነው፤ የተዘፈነው ግን በመላው ሶቪየት ኅብረት ነው። ኢቫስዩክ በ1979 ልቪቭ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ገና 30 ዓመቱ ነበር። ባለሥልጣናቱ ራሱን አጠፋ አሉ። ብዙ ሰው አላመነም፤ እስከ ዛሬም የማያምን አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ቼርኒቭትሲ በምትባል ከተማ በዘፈኑ ስም የተሰየመ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተካሄደ። እዚያ መድረክ ላይ እንደ ብራቲ ሃዲዩኪኒ ያሉ ባንዶች ሮክን በዩክሬንኛ ተጫወቱ። ብራቲ ሃዲዩኪኒ የልቪቭ ልጆች ናቸው። ልቪቭን ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

በ1991 ነጻነት መጣ። ገበያው ግን አልተለያየም። ሩሲያ 148 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፣ ዩክሬን 52 ሚሊዮን። በሩሲያኛ የተዘፈነ ዘፈን ሩሲያም ዩክሬንም ይሸጣል፤ ቤላሩስም ካዛክስታንም ይሸጣል። በዩክሬንኛ የተዘፈነው የሚሸጠው ዩክሬን ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም በሁሉም ከተማ አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ትልልቅ የሽልማት ዝግጅቶቹ፣ ለአዲስ ዓመትና ለሠርግ ዘፋኝ የሚጠሩት ባለሀብቶች፣ ሁሉም ሞስኮ ነበሩ። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ቪያ ግራ የተባለውን የሴቶች ቡድን ኪዬቭ ላይ ያቋቋመው የዜማ ደራሲ ኮንስታንቲን ሜላድዜ ራሱ በኋላ ኑሮውን ሞስኮ አደረገ። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። እንጀራ ነው።

የፊዚክስ ተማሪው

ቫካርቹክ የተወለደው በ1975 በምዕራብ ዩክሬን፣ ሙካቼቮ ነው። ያደገው ልቪቭ። አባቱ ኢቫን ቫካርቹክ የታወቁ የፊዚክስ ምሁር ነበሩ። የልቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። ልጅየውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ ተማረ። በ2003 የወጣው የባንዱ አልበም «ሱፐርሲሜትሪያ» ይባላል። በ2009 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍም ኤሌክትሮን በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ስላለው ሱፐርሲሜትሪ ነው። አልበሙ ከመመረቂያ ጽሑፉ ስድስት ዓመት ቀድሞ ወጣ። መቼም አማካሪው ትዕግሥተኛ ሰው መሆን አለበት።

ባንዱ የተመሠረተው በኦክቶበር 1994 ነው። ጊታሪስቱ ፓቭሎ ሁዲሞቭ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ዩሪ ኹስቶችካና ድራመሩ ዴኒስ ህሊኒን ቀደም ሲል «ክላን ቲሺ» በሚባል ሌላ ባንድ አብረው ይጫወቱ ነበር። ቫካርቹክ መጣና ነገሩ ሌላ ሆነ። በ1998 ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኪዬቭ ገቡ። የመጀመሪያ አልበማቸውም በዚያው ዓመት ወጣ። ግጥሙንም ዜማውንም በአብዛኛው የሚሠራው ቫካርቹክ ነው።

ቋንቋው ዩክሬንኛ ነበር። ይህን እንደ ጀግንነት ማጋነን ተገቢ አይደለም። የልቪቭ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ሌላ ቋንቋ መምረጥ ይበልጥ ይከብደው ነበር። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው በዩክሬንኛ እየዘፈነ ሞስኮና ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ አዳራሽ ይሞላ ነበር። ሩሲያዊው አድማጭ ቃሉን ግማሽ በግማሽ ይረዳል፣ ዜማውን ግን ሙሉ ለሙሉ ይዘፍናል። ለሞስኮ ሲል ቋንቋውን አልለወጠም። ሞስኮንም ቢሆን ትቶ አልቀረም። ሁለቱን ያስኬደ ሰው በጊዜው ጥቂት ነው።

ይህ የሁለት አገር ዝና የራሱ ጉድ ነበረው። በ2000 ሩሲያ ውስጥ «ብራት 2» የሚባል ፊልም ወጣ። ከፊልሙ ጋር የወጣው የሙዚቃ ስብስብ በጣም ተወዳጅ ሆነ። ከዘፈኖቹ አንዱ የኦኬያን ኤልዚ «ካቫቻይ» ነው። ባንዱን ከሩሲያ ወጣት ጋር በደንብ ካስተዋወቁት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ፊልሙ ላይ ደግሞ ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ ቺካጎ ውስጥ ዩክሬናውያንን በጥይት እያሳደደ ስለ ሴቫስቶፖል ገና ትከፍላላችሁ ብሎ ይዝታል። ሴቫስቶፖል የክሪሚያ የባሕር ኃይል ከተማ ናት። በጊዜው ተመልካቹ ሳቀበት። ከ14 ዓመት በኋላ የሚስቅ አልነበረም። ፊልሙ በ2015 ዩክሬን ውስጥ ታገደ። አንድ የዩክሬን ባንድ ወደ ሩሲያ ልብ የገባበት በር እንዲህ ያለ ዛቻ የተጻፈበት በር ነበር።

በ2004 እና በ2005 ኹስቶችካ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ድሚትሮ ሹሮቭና ሁዲሞቭ ተከታትለው ወጡ። ሹሮቭ በኋላ ፒያኖቦይ በሚል ስም የራሱን ሥራ ይዞ መጣ። ሁዲሞቭ ወደ ሥዕል ጋለሪ ዞረ። ብዙ ባንድ እዚህ ላይ ያከትምለታል። ቫካርቹክ ግን አዳዲስ ሰዎች አስገባ፤ ኪቦርድ የያዘው ሚሎሽ ዬሊች ሰርቢያዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ኦኬያን ኤልዚ ማለት በተግባር ቫካርቹክ ማለት ሆነ። ለሙዚቃው ይህ ጥሩ ነበር ወይ? እኔ የመጀመሪያዎቹ ልጆች የነበራቸው ልቅነት ይናፍቀኛል። ስታዲየም የሞላው ግን ሁለተኛው ባንድ ነው፤ ክርክሩን ተሸንፌያለሁ።

ስለ ዘፈኖቹ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው። መፈክር የለባቸውም። በ2005 የወጣው «ቤዝ ቦዩ» ፍቅሩን ሳይታገል አሳልፎ ስለማይሰጥ ሰው ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 2013 ባንዱ ኪዬቭ ማይዳን አደባባይ ላይ በከባድ ብርድ መንግሥትን ለሚቃወሙ ሰልፈኞች ሲጫወት ግን ያ ዘፈን የፍቅር ዘፈን መሆኑ ቀረ። አደባባዩ የራሱ አደረገው። ከሁሉ የሚገርመው «ኦቢይሚ» ነው። ጦርነቱ ስለሚያበቃበት ቀን እየተናገረ የሚጀምር የፍቅር ዘፈን ነው። የወጣው በ2013 ነው። ያኔ ጦርነት አልነበረም። ዛሬ ያንን ዘፈን ያለ ጦርነቱ የሚሰማ ዩክሬናዊ የለም።

የሕዝብ ፍቅርና የምርጫ ካርድ

ቫካርቹክ የተጭበረበረ ምርጫን ከተቃወመው ከ2004ቱ የብርቱካን አብዮት ጀምሮ ከፖለቲካ ርቆ አያውቅም። በ2005 በአንድ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር አንድ ሚሊዮን ሂሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ) አሸንፎ ገንዘቡን ወላጅ ላጡ ልጆች ማሳደጊያዎች ሰጠ። በ2007 ከፕሬዚዳንት ዩሽቼንኮ ወገን ጋር ፓርላማ ገባ። በቀጣዩ ዓመት በሽኩቻው ተማሮ መቀመጫውን በገዛ ፈቃዱ ተወ። አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም።

እዚያው ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን በ2018 መጨረሻ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል የሚለው ወሬ አገሩን ሞላው። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ስሙን ያስገቡ ጀመር። እሱ አዎም እምቢም ሳይል ከረመ። በዚያው ጊዜ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አንድ ኮሜዲያን በቴሌቪዥን ወጥቶ እወዳደራለሁ አለ። ቮሎዲሚር ዘለንስኪ። ቫካርቹክ ጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ላይ እንደማይወዳደር ተናገረ። ኤፕሪል ላይ ዘለንስኪ በሁለተኛው ዙር 73 በመቶ አገኘ። አገሩ ከፖለቲካ ውጭ የሆነ ታዋቂ ሰው ይፈልግ እንደነበር ግልጽ ነው። ቫካርቹክ ሲያስብበት ሌላው ወሰደው።

ከዚያ በሜይ 2019 «ሆሎስ» የሚባል ፓርቲ አቋቋመ። በጁላይ ምርጫ 5.82 በመቶ አግኝቶ 20 መቀመጫ ያዘ። ለሁለት ወር ፓርቲ መጥፎ አይደለም። የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። በማርች 2020 የፓርቲውን መሪነት ለቀቀ። በጁን ከፓርላማውም ወጣ። ለሁለተኛ ጊዜ። ስሙን አይተው ድምፃቸውን የሰጡት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት ይቻላል። እኔ በዚህ ጉዳይ ጠበቃው መሆን አልፈልግም። መጀመሪያ ሲወጣ ልምድ አልነበረውም እንበል፤ በሁለተኛው ግን ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። የዘፋኝ ዝና ወደ ምርጫ ካርድ የሚለወጠው በከፊል ነው። ፓርላማ የሚጠይቀው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ አንቀጽ ሲያርሙ መዋልን ነው። ለዜማ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ሌላ ዓይነት ይመስላል።

ሙያውን ግን አልጎዳውም። በአንዳንድ አገር ፖለቲካ የነካ ዘፋኝ አድማጩ ለሁለት ይከፈልበታል። እሱ ኦገስት 2018 የነጻነት ቀን ላይ እንደገና ኦሊምፒክ ስታዲየምን ሞልቷል፤ ፓርቲውን ትቶ ሲመለስም ታዳሚው ጠበቀው። ምናልባት ሰዉ ከመጀመሪያውም ፖለቲከኛ አድርጎ አልቆጠረውም።

በሩ ሲዘጋ

በ2014 ክሪሚያ ስትያዝ ኦኬያን ኤልዚ ሩሲያ ውስጥ መጫወት አቆመ። ቡምቦክስ የተባለው ባንድም እንዲሁ። የቡምቦክስ መሪ አንድሪ ኽሊቭኒዩክ በሁለቱም ቋንቋ የሚዘፍን የቼርካሲ ልጅ ነው። ሩሲያ ውስጥ ስሙን ያገነነው ዘፈን በሩሲያኛ ነበር። ለእሱ ያ በር መዘጋቱ ከቫካርቹክ ይበልጥ የሚያም ኪሳራ ነበር።

ሁሉም ግን አልተከተሉም። ድምፃዊቷ አኒ ሎራክ ሩሲያ ውስጥ መዝፈኗን ቀጠለች፤ በኦገስት 2014 ኦዴሳ ላይ ኮንሰርቷን የተቃወሙ ሰዎች ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ጦርነት ላይ ያለ አገር ዘፋኞች በጠላት ዋና ከተማ ቲኬት ይሸጣሉ። ይህ ስምንት ዓመት ቀጠለ። ነገሩ ፊት ለፊት የወጣው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ማሩቭ የምትባል ድምፃዊት የዩሮቪዥን ብሔራዊ ማጣሪያን አሸነፈች። የመንግሥት ጣቢያው ሩሲያ ውስጥ የያዘቻቸውን ኮንሰርቶች እንድትሰርዝ ጠየቃት። በውሉ ባለመስማማቷ ቀረች። ሁለተኛ የወጡት እምቢ አሉ፤ ሦስተኛዎቹም እምቢ አሉ። ዩክሬን በዚያ ዓመት ሳትሳተፍ ቀረች። በማጣሪያው የቀጥታ ስርጭት ላይ ዳኛ የነበረችው ጃማላ ማሩቭን ክሪሚያ የማን ናት ብላ ጠይቃት ነበር። ለአንድ የዘፈን ውድድር ከባድ ጥያቄ ነው። ግን ጃማላ የክሪሚያ ታታር ልጅ ናት፤ ሌላ ምን ትጠይቅ?

በዚሁ ጊዜ ሁለት ነገሮች ገበያውን ቀየሩት። አንዱን ሁሉም ያውቀዋል። ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚያጫውቱት ዘፈን 25 በመቶው በዩክሬንኛ እንዲሆን በሕግ ተገደዱ። በየዓመቱ ከፍ እያለ በሦስተኛው ዓመት 35 በመቶ ሆነ። ጣቢያዎቹ ጥራት ያለው ዘፈን አይበቃም ብለው አጉረመረሙ። ፈረንሳይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ 40 በመቶ በፈረንሳይኛ እያለች ትኖራለች፤ አዲስ ነገር አልነበረም። ሬዲዮ ላይ ክፍት ቦታ ሲገኝ ዘፈን የሚያወጣው ሰው በዛ። ቀደም ሲል በሩሲያኛ የሚዘፍን ወጣት ቢያንስ አንዱን በዩክሬንኛ ልሞክር ማለት ጀመረ።

ሁለተኛው ብዙ አይወራለትም። በሜይ 2017 ዩክሬን ቭኮንታክቴ የሚባለውን የሩሲያ ማኅበራዊ መድረክ ዘጋች። ምክንያቱ የደኅንነት ነው። ግን ቭኮንታክቴ ለሚሊዮኖች ነጻ የሙዚቃ መጋዘን ነበር። የፈለጉትን ዘፈን፣ በአብዛኛው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ በነጻ ይሰሙበት ነበር። አብሮም የሩሲያን አዲስ ዘፈን ያቀርብላቸዋል። ያ ሲዘጋ ወጣቱ ወደ ዩቲዩብ ዞረ፣ በጁላይ 2020 ስፖቲፋይ ሲገባ ደግሞ ወደዚያ። እዚያ ቢያንስ ለሙዚቀኛው ሳንቲም ትደርሰዋለች። ለኔ ይህ ከሬዲዮው ሕግ ያልተናነሰ ለውጥ ነው። ለኢንዲ ባንድማ ይበልጥ ነው፤ ሬዲዮ ድሮም አያጫውታቸውም።

በዚህ ክፍተት የወጡት ልጆች ከቫካርቹክ ጋር ክር አላቸው። ድምፃዊቷ ክሪስቲና ሶሎቪይ በ2013 «ሆሎስ ክራይኒ» በሚባለው የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ላይ የእሱ ቡድን አባል ነበረች። የመጀመሪያ አልበሟን በ2015 ስታወጣ ፕሮዲዩሰሯ እሱ ነበር። «ኦዲን ቭ ካኖኤ» በ2010 ልቪቭ ላይ የተቋቋመ የሦስት ሰው ባንድ ነው። ድምፃዊቷ ኢሪና ሽቫይዳክ ናት። አንድ ጊታር፣ ትንሽ ከበሮ፣ አንድ ድምፅ። ኢንዲ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በ2021 ከኦኬያን ኤልዚ ጋር አብረው አንድ ዘፈን ሠሩ። ትልቁ ባንድ ወደ ትንሹ ጠጋ ያለበት ዘፈን ነው፤ ሽቫይዳክ ቫካርቹክን ቀስ አድርጎ እንዲዘፍን ያስገደደችው ይመስላል። ወድጄዋለሁ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች የሞስኮን በር አንኳኩተው አያውቁም። ቋንቋ ልቀይር ወይስ ልቆይ የሚለው ጥያቄ ለእነሱ ከባድ አልነበረም። አንድ ሰው በዩክሬንኛ ዘፍኖ ስታዲየም ሲሞላ አይተው ያደጉ ናቸው።

ከ2022 በኋላ

ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ሙሉ ወረራው ሲጀመር ኽሊቭኒዩክ የአሜሪካውን የኮንሰርት ጉዞ ትቶ መሣሪያ አነሳ። በወሩ መጨረሻ ኪዬቭ የቅድስት ሶፊያ ደወል ቤት ፊት ቆሞ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ አንድ የ1914 የዘመቻ ዘፈን ዘፈነ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ አባላት ያንን ድምፅ ወስደው ኤፕሪል 8 ቀን 2022 ዘፈን አወጡ። ከ1994 ወዲህ አዲስ ሥራቸው ነበር። ዘፈኑ ሲሠራ ባለ ድምፁ በሞርታር ፍንጣሪ ቆስሎ ሆስፒታል ነበር። ለሃያ ዓመት የሚለፉበትን ዓለም አቀፍ ዝና በአንድ የስልክ ቪዲዮ አገኘው። እሱ ግን ወደ ጦሩ ተመለሰ።

ቫካርቹክም የሌተና ማዕረግ ይዞ ዩኒፎርም ለበሰ። ሥራው ግን በአብዛኛው መዝፈን ሆነ። ካርኪቭ ሰዎች ከቦምብ በተጠለሉበት የሜትሮ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ የወታደር ሰፈር። ማሪዮፖል ተከባ ስትደበደብ፣ በኤፕሪል፣ ስለ ከተማዋ ዘፈን አወጣ። በኦገስት ብራስልስ ላይ ከእንግሊዙ ባንድ ከኮልድፕሌይ ጋር ቆሞ «ኦቢይሚ»ን ዘፈነ። ሁለት ጊዜ ፓርላማ ገብቶ ያላገኘውን ነገር በጊታር ያገኘው ይመስለኛል።

በጁን 2022 ፓርላማው ከ1991 በኋላ የሩሲያ ዜጋ የሆኑ ሙዚቀኞችን ሥራ በአደባባይና በሚዲያ ማጫወትን ከለከለ። ወረራውን ያወገዙት እንዲፈቀድላቸው ቀዳዳ ተተወ። የሬዲዮው ድርሻም ወደ 40 በመቶ ከፍ አለ። እንደ ቻይኮቭስኪ ያሉ የድሮ የሩሲያ የሙዚቃ ደራሲዎች ሥራ በዚህ ሕግ አይነካም። ሕጉ ካፌውንና ታክሲውን ይገዛል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን ግን ማን ይቆጣጠራል? የሩሲያ ዘፈኖች አሁንም የዩክሬን የኢንተርኔት የተወዳጆች ዝርዝር ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ብቅ ባሉ ቁጥርም ጭቅጭቅ ይነሳል። አንዳንዱ ይታገዱ ይላል። እኔ የሚሻለው ለዚያ ዕድሜ የሚሆን ብዙ ዘፈን መኖሩ ይመስለኛል። ሃምሳ የሞላው ቫካርቹክ ለ15 ዓመት ልጅ አባቱ ነው። ያ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ኮንሰርት ራሱ ተቀይሯል። ሰዓት እላፊ ስላለ በጊዜ ይጀመራል፣ በጊዜ ያልቃል። የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ይቆማል፤ ታዳሚው ወደ መጠለያ ወርዶ ይመለሳል። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሩሲያ የመብራት ጣቢያዎችን ስትመታ ጄኔሬተር የሌለው አዳራሽ ሥራ ፈታ። ከቲኬቱ የሚገኘው ገንዘብ በብዛት ለጦሩ ይሄዳል፤ መኪና፣ ድሮን፣ አምቡላንስ። ይህን የማያደርግ ሙዚቀኛ ጥያቄ ይነሳበታል። ለቫካርቹክ ችግር የለውም፤ የሠላሳ ዓመት ዘፈን አለው። ስቱዲዮ ኪራይ ላልከፈለ አዲስ ባንድ ግን ከባድ ነው። ያውም ድራመሩ ለውትድርና ካልተጠራ።

የጠፉ ከተሞችም አሉ። ዶኔትስክ፣ ሉሃንስክ፣ ሲምፈሮፖል በ2014 ከኮንሰርት ካርታው ወጡ። በ2022 ማሪዮፖል ተጨመረች። ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሰው አገር ጥሎ ወጥቷል። የአገር ውስጡ ገበያ በቋንቋው ንጹሕ ሆነ፤ በስፋቱ ግን ጠበበ።

ስለዚህ ባንዱ ወደ ውጭ ተመለከተ። በ2024 ኦኬያን ኤልዚ ሁለት አልበም አወጣ፤ አንዱ በዩክሬንኛ፣ ሌላው «ላይትሃውስ» የሚባለው በእንግሊዝኛ። ለሞስኮ ሲል ያልቀየረውን ቋንቋ ለለንደን ቀየረ ብለው ያሾፉ አይጠፉም። ነገሩ አንድ አይደለም፤ ማንም አላስገደደውም፣ የአገሬው አልበምም ከጎኑ አለ። ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም። የቫካርቹክ ጉልበት ያለው ቃሉን በሚስብበት፣ በሚጎረብጥ ድምፁ በሚያንገላታበት ዩክሬንኛ ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚዘፍን ሰው ሞልቷል።

ውጭ መውጣቱ ራሱ ወረቀት ይፈልጋል። ከ2022 ጀምሮ ለውትድርና የደረሰ ወንድ በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ሙዚቀኛ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ይወጣል፣ ገንዘብ አሰባስቦ ይመለሳል። ዋርሶ፣ በርሊን፣ ለንደን አዳራሹ ሲሞላ ከፊት ቆመው አብረው የሚዘፍኑት በብዛት ዩክሬናውያን ናቸው። የውጭ ገበያ የሚባለው እንግዲህ ለጊዜው የተሰደደ የአገር ልጅ ነው። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ፖላንድና ጀርመን ትምህርት ቤት ገብተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ በየትኛው ቋንቋ ዘፈን እንደሚሰሙ፣ የኦዲን ቭ ካኖኤም ሆነ ከነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ባንድ ኑሮ በዚያ ላይ ይወሰናል።